38ን የዘለለች አገር

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ያለውን ሰው ባውቀው ኖሮ ከመቃብሩ ቀስቅሼ እሟገተው ነበር። ሌብነትን ብልሃት አድርጎ ማስተማሩ አንድ ኃጢአት ነው። የባሰው ግን ሌላ ነው፤ ሰው ከሹመት ሲወርድ ምን ይሆናል ለሚለው ጥያቄ ያለው መልስ አንድ ብቻ ነው፦ ይቆጨዋል። አለቀ። ተሽሮ ሰፈሩ የሚመለስ፣ ተሽሮ ድምፅ የሚለምን፣ ተሽሮም ቀና ብሎ የሚሄድ ሰው በዚህ ተረት ውስጥ መቆሚያ የለውም።

እንዲህ ያለ ሰው ግን ነበረን። ከወዲያ ከቄለም፣ ከደምቢ ዶሎ። ሚኒስትር ነበሩ፤ ርዕሰ ብሔር ሆኑ፤ ከቤተ መንግሥት ሲወጡም እንደ ወጉ አኩርፈው አልተደበቁም፣ እንደ ወጉም ተለማምጠው አምባሳደርነት አልጠየቁም። የትውልድ ከተማቸው ሄደው በግላቸው ተወዳደሩ፤ አሸንፈውም ፓርላማ ገቡ። ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳን ማለቴ ነው። ይህች አገር ለዚህ ውለታቸው የከፈለቻቸውን ሳስብ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

የመወዳደራቸውን ወሬ የሰማሁት ነቀምቴ ነው። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። በስፌት ቤቱ በረንዳ ላይ አንዲት አግዳሚ ወንበር ነበረች፤ የሰፈሩ ምክር ቤት እሷ ነበረች ብል አላጋነንኩም። የ1997 ምርጫ ሰሞን ከጊምቢ ቡና ጭነው የመጡ አንድ ነጋዴ ሱሪያቸው እስኪጠብላቸው እዚያች ላይ ተቀምጠው፣ «ሰሙ ኦቦ? ፕሬዚዳንት የነበሩት ሰውዬ ደምቢ ዶሎ ላይ ለአንዲት ወንበር ይወዳደራሉ አሉ። እንዲህም ተብሎ ይወረዳል?» አሉ። አባቴ እግሩን ከመርገጫው ላይ አነሳ። መኪናዋ ዝም አለች። «አልወረዱም» አላቸው፤ «ቤታቸው ነው የገቡት።»

እኔ ያኔ ዲግሪዬን በፕላስቲክ አሽጌ ሥራ የምፈልግ ወጣት ነበርኩ። የአባቴን አነጋገር እንደ ጨዋታ ቆጠርኩት። ለመረዳት ዓመታት ፈጁብኝ።

ከመነሻቸው ልጀምር። አባታቸው ቄስ ጊዳዳ ሶለን በሕፃንነታቸው ፈንጣጣ ዓይናቸውን ያጠፋባቸው፣ ለምነው ያደጉ፣ ኋላም በደምቢ ዶሎ ምድር ወንጌል ሰባኪ የሆኑ ሰው ናቸው። የዚህ ዓይነ ሥውር ሰባኪ ልጅ በ1935 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ተወለደ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ተማረ፤ ጀርመን ተሻግሮ በፍራንክፈርት ዩኒቨርሲቲ ዶክተር ሆነ። የመመረቂያ ጥናቱንም ስለ ሩቅ አገር ነገሥታት አልጻፈም። የገዛ አገሩን የሰዮ ኦሮሞን ታሪክ ነው የጻፈው፤ እ.ኤ.አ. ከ1730 ገደማ እስከ 1886 ያለውን። ይህን ልብ በሉልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ደርግ ሲወድቅ አገራቸው ገቡ። ኦሕዴድን ተቀላቀሉ፣ በሽግግሩ ዘመን የማስታወቂያ ሚኒስትር ሆኑ፣ ሕገ መንግሥቱን ያጸደቀውን ጉባኤ በሰብሳቢነት መሩ። ኅዳር 29 ቀን 1987 ሰነዱ ሲጸድቅ መድረኩ ላይ የነበሩት እሳቸው ናቸው። ነሐሴ 16 ቀን 1987 ደግሞ የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኑ።

እዚህ ላይ የሚወዷቸው ሰዎች አይቀየሙኝ፤ ሒሳቡን በሙሉ ነው የማወራርደው። ስለ ሙታን መልካሙን ብቻ ተናገሩ የሚባለውን ትሕትና እኔ ለዕድር እተወዋለሁ። የግል ጋዜጣ በነጻነት የተስፋፋው በእሳቸው የማስታወቂያ ሚኒስትርነት ዘመን ነው፤ የፕሬስ አዋጁ ቅድመ ምርመራን አስቀርቷል። በዚያው አዋጅ አንቀጾች እየተጠቀሱ ጋዜጠኞች ወህኒ ሲወርዱም ሚኒስትሩ በወንበራቸው ላይ ነበሩ። ከኤርትራ ጋር በተደረገው ጦርነት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር የድሃ ልጅ ሲረግፍ ርዕሰ ብሔሩ እሳቸው ነበሩ። በእነዚያ ዓመታት የኦሮሞ ወጣት «ኦነግ ነህ» እየተባለ ሲታጎር ቤተ መንግሥት ውስጥ ኦሮሞ ፕሬዚዳንት ነበረ። ሥልጣኑ የሥነ ሥርዓት ነው፣ አምባሳደር መቀበልና ምክር ቤት መክፈት ነው ትሉኛላችሁ። አውቃለሁ። ግን ሰው ፊርማ ብቻ ሆኖ ስድስት ዓመት መቀመጡም ምርጫ ነው። ይህ ዕዳ አለባቸው። አልሰርዝላቸውም።

ግን ዕዳ ያለበት ሁሉ አይከፍልም። ከእሳቸው ጋር ከተሾሙት ስንቶቹ ናቸው መክፈል የጀመሩት? በ1993 ዓ.ም. ሕወሓት ለሁለት ሲሰነጠቅና ገዢው ግንባር ሲታመስ፣ ነጋሶ አጎንብሰው ማሳለፍ ይችሉ ነበር። ከአሸናፊው ጎን ቆሞ ማጨብጨብ ዕውቀት አይጠይቅም፤ ሁለት እጅ ይበቃል። እሳቸው ግን መለስ ዜናዊን ፊት ለፊት ተቃወሙ፣ ስብሰባ ረግጠው ወጡ፣ ከኦሕዴድም ተባረሩ። ከፕሬዚዳንትነታቸው ግን አልለቅም አሉ፤ ዘመናቸውን ጨርሰው መስከረም 28 ቀን 1994 ወንበሩን አስረከቡ።

አሁን ወደ ቁጣዬ እንምጣ።

በዚያው በስንብታቸው ሰሞን አንድ አዋጅ ወጣ፤ ቁጥሩ 255/1994። ከሥልጣን የሚወርድ ፕሬዚዳንት መኖሪያ ቤት፣ መኪና፣ ሕክምናና ሌላም ጥቅም እንደሚያገኝ ደነገገ። መልካም ነው፤ ርዕሰ ብሔር የነበረ ሰው ኪራይ ቤት ፍለጋ በደላላ አይዙር። ግን ከማሩ ጋር ንቡ ተቀምጧል፦ ወደ ፓርቲ ፖለቲካ የማይገባ ከሆነ ነው። ነጋሶ በ1997 ደምቢ ዶሎ ላይ ሲወዳደሩ ጥቅሙ ተነጠቀ። ፍርድ ቤት ድረስ ሄደው ተከራከሩ። አልተፈረደላቸውም።

በወረቀት ላይ አዋጁ ለማንኛውም ተሰናባች ፕሬዚዳንት የወጣ ነው። ያኔ ከዚህ ሪፐብሊክ ወንበር የተሰናበተ ፕሬዚዳንት ስንት ነበር? አንድ። እንግዲህ ልብስ ሰፊ ልጅ ነኝና በአባቴ ሙያ ልናገር፤ በአንድ ሰው ልክ ተለክቶ የተቀደደን ልብስ ሱቅ ላይ ሰቅሎ «ለሁሉም ይሆናል» ማለት ደንበኛን መናቅ ነው። ኮቱ የተሰፋው ለነጋሶ ነበር። ኪሱ ውስጥ ቤትና መኪና፣ አንገትጌው ላይ ደግሞ ማሰሪያ።

ምፀቱን ደግሞ እዩት። ነጋሶ ሰብስበው ያጸደቁት ሕገ መንግሥት አንቀጽ 38 አለው፦ የመምረጥና የመመረጥ መብት። ማንኛውም ኢትዮጵያዊ ዜጋ ይላል። «ፕሬዚዳንት ከነበረው በስተቀር» አይልም። ይህች አገር ሰላሳ ዓመት ሙሉ በአንቀጽ 39 ስትነታረክ ኖራለች። በየቡና ቤቱ፣ በየታክሲው 39፣ 39፣ 39! አንዱ አገር አፍራሽ ነው ይላል፣ ሌላው የነጻነት ዋስትና ነው ይላል። ከሱ አንድ ቁጥር ቀድማ የተቀመጠችውን 38ን የሚያነብ ጠፋ። መገንጠል ይፈቀድ አይፈቀድ እያልን ስንጯጯህ፣ መመረጥ እንደሚያስቀጣ በዓይናችን አየን፤ ዝምም አልን። 38ን ዘለን ነው 39 ላይ የተጣላነው።

«የቀድሞ ርዕሰ ብሔር ገለልተኛ መሆን አለበት፤ ክብሩ ይጠበቅ» የሚሉ አሉ። ክርክሩ ባዶ አይደለም፤ በወንበሩ ላይ ያለ ፕሬዚዳንት ወገን ቢይዝ እኔም እቃወማለሁ። ግን ወንበሩን ያስረከበ ሰው ገለልተኝነቱን አብሮ አስረክቧል። ጆን ኩዊንሲ አዳምስ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1829 ከወረደ በኋላ በታችኛው ምክር ቤት 17 ዓመት አገለገለ፤ ባርነትን እየተቃወመ፤ የመጨረሻ ሕመሙም የጣለው እዚያው ምክር ቤት ውስጥ ነው። ሩቅ ነው፣ ሀብታም አገር ነው ካላችሁ ወደ ምዕራብ አፍሪካ እንሻገር። የቤኒኑ ኒሴፎር ሶግሎ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1996 አገሩን በፕሬዚዳንትነት መራ፤ ኋላ ደግሞ ከ2003 እስከ 2015 የኮቶኑ ከተማ ከንቲባ ሆነ። ፕሬዚዳንት የነበረ ሰው ስለ ቆሻሻ ማንሻና ስለ ጎርፍ መውረጃ ሲጨነቅ ዋለ! ቤኒን ተዋረደች? ክብር በመደበቅ የሚጠበቅ የሚመስለው የኛ ቤት ብቻ ነው።

ደግሞስ ለኛ ለወለጋዎች ይህን ቤኒን ማስተማር ነበረባት? ነጋሶ ታሪኩን ያጠኑት ሕዝብ ገዳ የሚባል ሥርዓት አለው። አባ ገዳው ስምንት ዓመት ይመራል፤ ጊዜው ሲደርስ የሥልጣን ምልክቱን፣ ባሊውን፣ ያስረክባል። ካስረከበ በኋላ ዩባ ይባላል፤ አማካሪ፣ ሕግ አዋቂ፣ ተሰሚ ሽማግሌ። አፉ አይለጎምም። እንዲያውም የሚደመጠው ያኔ ነው፤ ምክንያቱም ሥልጣኑን ቀምሶ የተወ ሰው ስለ ሥልጣን ሲናገር ውሸት አይሸጥም። አዋጅ 255 በአማርኛና በእንግሊዝኛ ታትሞ የዩባን ሥርዓት ሻረ ብል ማጋነን ይሆንብኛል? አይመስለኝም። የሰዮን ታሪክ የጻፈው ሰው ግን መንገዱን ያውቅ ነበር። ዳንኤል ተፈራ ስለ እሳቸው ያዘጋጀው መጽሐፍ «ዳንዲ» የተባለው ያለ ነገር አይደለም፤ ዳንዲ በኦሮምኛ መንገድ ነው። የሄዱበት መንገድ ወደ ቤት የሚወስደው ነው።

ወለጋ መቼም ሚኒስትር አጥታ አታውቅም። ገንዘብ ሚኒስትሩን ይልማ ዴሬሳን የሰጠች እሷ ናት። ከቦጂ የወጡት አማኑኤል አብርሃም በንጉሡ ዘመን አምባሳደርም ሚኒስትርም ነበሩ፤ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያንንም ከሃያ ዓመት በላይ በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። ቡልቻ ደመቅሳ ምክትል የገንዘብ ሚኒስትር ነበሩ፤ አዋሽ ባንክን ከመሠረቱ በኋላ በስተርጅና ፓርቲ አቋቁመው በዚያው በ1997 ፓርላማ ገቡ። ነቀምቴ የኩምሳ ሞሮዳን ግቢ ለእንግዳ ስታሳይ፣ የኦነሲሞስ ነሲብን ስም ስትጠራ ደረቷ ይነፋል። ይገባታልም። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን አንድ ልማዳችን ነው፤ ልጁን ደልድለን ወደ አዲስ አበባ እንልክና «የኛ ሰው ትልቅ ወንበር ያዘ» ብለን እንጨፍራለን። ወንበሩን የሰጠው ማን እንደሆነ፣ መልስ የሚሰጠውስ ለማን እንደሆነ አንጠይቅም። ሲሻር ደግሞ ስሙን ለመጥራት ግራ ቀኝ እናያለን።

በጋና ሕገ መንግሥት ከሚኒስትሮቹ የሚበዙት ከፓርላማ አባላት መካከል መመረጥ አለባቸው። ስለዚህ የአክራ ሚኒስትር ቅዳሜ የመረጠው ሕዝብ ገበያ ውስጥ ሲገባ የቲማቲም ነጋዴዋ እጁን ይዛ «መንገዱስ?» ልትለው ትችላለች። የኛ ሕገ መንግሥት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከምክር ቤቶቹም፣ ከውጭም ሚኒስትር እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። በሕጉ ክፋት የለበትም። ክፋቱ የተመረጠውም ሆነ የተሾመው ዓይኑን የሚያሳርፈው አንድ ሰው ላይ መሆኑ ነው፤ ወደ ላይ። ነጋሶ ቅደም ተከተሉን ገለበጡት። መጀመሪያ ከላይ የተሰጣቸውን ሁሉ ተቀበሉ፤ መጨረሻ ላይ ከታች የሚሰጠውን ለመኑ። የወለጋ ገበሬ የሰጣቸው ድምፅ ነው በሕይወታቸው ካገኙት ሹመት ማንም በስልክ ሊሽረው ያልቻለው።

ከዚያስ? በ2002 ምርጫ ከ547 ወንበሮች 545ቱን ገዢው ግንባርና አጋሮቹ ወሰዱ። በ2007 አንዱም አልተረፈም። አዳራሹ ሞላ፤ ድምፁ ጠፋ።

ባዶነቱ የገባኝ በ2012 ነው። በምዕራብ ኦሮሚያ ስልክና ኢንተርኔት ለሦስት ወር ገደማ ተቆረጠ። እናቴ ነቀምቴ፣ እኔ አዲስ አበባ። ኮሮና ወደ አገሪቱ መግባቱ በተነገረ ጊዜ እናቴ እጇን በሳሙና እንድትታጠብ እንኳ ደውዬ ልነግራት አልቻልኩም። ከነቀምቴ የሚመጣ ሹፌር ፍለጋ አውቶቡስ ተራ እየሄድኩ፣ «ያቺ ልብስ ሰፊው ቤት ያለችው ሴትዮ ደህና ናት?» እያልኩ ስጠይቅ ከረምኩ። ያኔ አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳኝ፤ የነቀምቴ የፓርላማ ተወካይ ማነው? ስሙን አላውቀውም ነበር። አፈርኩ፤ ከዚያ ተናደድኩ። ሕገ መንግሥቱ የምክር ቤት አባል የሚገዛው ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ነው ይላል። ሕዝቡ ስልኩ ተዘግቷል። ኅሊናውስ? እሱም ከኔትወርክ ውጭ ነበር?

ሰኔ 11 ቀን 2014 በጊምቢ ወረዳ፣ ቶሌ ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰላማዊ ሰዎች፣ አብዛኞቹ አማሮች፣ ሕፃን ከአሮጊት ሳይለይ ተጨፈጨፉ። የወለጋ ልጅ ነኝ ብዬ የምኮራውን ያህል የወለጋ ልጅ ነኝ ብዬ ያለቀስኩት ያን ሰሞን ነው። በየጫካውና በየጣቢያው ዳር የወደቀውን የኦሮሞ ወጣትም የሚቆጥር አላየሁም። ሟቹ አማራም ይሁን ኦሮሞ፣ ስሙ ከምክር ቤቱ መድረክ አንድ በአንድ እንዲነበብለት የሚያደርግ፣ የሚከፍለውን ዋጋ አውቆ የሚነሳ ተወካይ ነው ያጣነው። የተነሳም ካለ እጁን የሚስመው ሕዝብ ነው። ደምቢ ዶሎ በ1997 ያደረገችው ይህን ነበር፤ ከላይ የሚሰጠውን ሁሉ አንዴ አጥቶ የሚያስፈራራው ነገር ያለቀበትን ሰው መረጠች። እንዲህ ያለ ሰው ነው የሚናገረው።

ሚያዝያ 19 ቀን 2011 ዶክተር ነጋሶ በጀርመን አገር አረፉ። መንግሥት በክብር ሸኛቸው። ሰንደቅ ዓላማው፣ ሰልፉ፣ የሕይወት ታሪኩ ንባብ፤ ሁሉም ነበረ። ያን ቀን በምሠራበት መሥሪያ ቤት ሁላችንም በቴሌቪዥኑ ዙሪያ ተኮለኮልን። አንድ ባልደረባዬ ጥቁር ለብሶ መጥቷል። «ታላቅ ሰው!» እያለ ራሱን ይነቀንቃል። ይኸው ባልደረባዬ፣ ነጋሶ ከፓርላማው በኋላ የተቃዋሚው አንድነት ፓርቲ ሊቀመንበር በነበሩ ጊዜ የእሳቸው ፎቶ የወጣበትን ጋዜጣ ጠረጴዛዬ ላይ አይቶ፣ «ወንድሜ፣ እንጀራህን አትወድም? ገልብጠው» ብሎኝ ነበር።

ልሰድበው አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ዘጋሁት። ጋዜጣውን የገለበጥኩት እኔ ነኛ! እሱ መከረኝ፤ እጄ ግን የራሴ ነበረች። የሰውየውን ፊት ከጠረጴዛው እንጨት ጋር አጋጥሜ አስተኛሁና ሻይ ልጠጣ ወጣሁ። ለዚህ ነው ይህን ጽሑፍ በቁጣ የምጽፈው። መንግሥት ጥቅማቸውን ነጠቃቸው፤ እኛ ሰላምታችንን ነጠቅናቸው። አዋጅ 255ን ምክር ቤቱ አንዴ አጸደቀው፤ እኛ በየጠረጴዛችን በየቀኑ አጸደቅነው። ሲሞቱ ደግሞ ጥቁር ለበስን፤ ሙት አይወዳደርማ።

ስለዚህ ለወለጋ ከተሞች፣ ለነቀምቴ፣ ለጊምቢ፣ ለነጆ፣ ለሻምቡ፣ ለደምቢ ዶሎ የምለው አለኝ። ሐውልት አትሥሩላቸው። በስማቸው አዳራሽ ሰይማችሁ ውስጡ ማጨብጨብ አትለማመዱበት። ይልቅ የሚቀጥለውን ተወካያችሁን ስም እወቁ። ሲሾም ስንት እንደበላ ከምትጠይቁት፣ ሲሻር ተመልሶ በመካከላችሁ በእግሩ መሄድ ይችል እንደሆነ ጠይቁት። ከተቆጨ የናንተ አልነበረም።

አባቴ ካረፈ ሰነበተ። ስፌት ቤቱን የሞባይል ጠጋኝ ተከራይቶታል፤ አግዳሚ ወንበሯ ግን በረንዳው ላይ አለች። ባለፈው ስሄድ ተቀመጥኩባት። የተሾመ ሰው ተቀምጦባት አያውቅም፤ የተሻረም እንደዚሁ። ሁለቱም እንደሚፈሯት የገባኝ ያኔ ነው።